ከሞንማርትር እስከ ኖአን፦ የፈረንሳይ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ

ከመነሳቴ በፊት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደራሲያን፣ ሙዚቀኞችና ሠዓሊያን የኖሩባቸውን ቤቶች በፓሪስ ካርታ ላይ በቀለም ምልክት አደረግሁ። ሰማያዊ ለደራሲ፣ ቀይ ለሙዚቀኛ፣ አረንጓዴ ለሠዓሊ። የከተማዋ ዘጠነኛ ወረዳ ላይ ስደርስ ቀለሞቹ ተደራርበው ካርታው የማይነበብ ሆነ። የጉዞው እቅድ ከዚያ ወጣ። ሥነ ጽሑፍ በሙዚቃ ላይ፣ ሙዚቃም በሥዕል ላይ ተጽዕኖ አሳደረ እየተባለ በየመጽሐፉ ይጻፋል። እኔ ማየት የፈለግሁት ይህ ተጽዕኖ በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው ደረጃ እንደወጣ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የጀመርኩት ከሞንማርትር መቃብር ነው። መግቢያው ከድልድይ ሥር ነው፤ መኪናውና አውቶቡሱ ከመቃብሮቹ አናት በላይ ያልፋል። ጸጥታ ፈልጎ የመጣ ሰው ይከፋዋል። እኔን ብዙም አልረበሸኝም፤ እዚህ የተቀበሩት ሰዎች በሕይወት ሳሉም ጸጥተኞች አልነበሩም።

መጀመሪያ የፈለግሁት የሙዚቃ ደራሲውን ኤክቶር ቤርሊዮዝን ነው። ጥቁር ድንጋይ ሥር ከሁለቱ ሚስቶቹ ጋር ተኝቷል። የመጀመሪያዋ ሃሪየት ስሚዝሰን ትባላለች፤ አየርላንዳዊት ተዋናይት ነበረች። በ1827 በኦዴዎን ቴአትር ሐምሌት ሲታይ ኦፊሊያን ሆና ስትጫወት አያት። እንግሊዝኛ አይሰማም ነበር። ቢሆንም ከዚያ ምሽት በኋላ ሰው አልሆነም። በዲሴምበር 5 ቀን 1830 ሲምፎኒ ፋንታስቲክ የተባለ ሥራውን በኮንሰርቫቷር አዳራሽ አሰማ። ለታዳሚው የታተመ ታሪክ ታድሎ ነበር፤ በፍቅር ያበደ ወጣት ሙዚቀኛ ኦፒየም ወስዶ የሚያየው ቅዠት። ሼክስፒር በማይገባው ቋንቋ ገብቶበት፣ በሙዚቃ ወጥቶ፣ መልሶ ደግሞ በወረቀት ላይ ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ሙዚቃ በራሱ መቆም አለበት፣ ወረቀት አያስፈልገውም የሚሉ አሉ። እኔ ያቺን ወረቀት እወዳታለሁ። ጥንዶቹ በ1833 ተጋቡ፤ ትዳሩ ግን አላማረም።

ሃይንሪክ ሃይነም እዚሁ ነው። ጀርመናዊው ገጣሚ ከ1831 ጀምሮ ፓሪስ ኖሮ በ1856 እዚሁ ሞተ። መጨረሻ ላይ ለስምንት ዓመት ያህል ከአልጋ አልተነሳም። የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን በ1840 የሃይነን ግጥሞች ወስዶ የገጣሚ ፍቅር የተባለውን የዘፈን ስብስብ ሠራ። ሹበርት፣ ሜንደልሶንና ብራምስም ግጥሞቹን አዚመዋቸዋል። ከመቃብሩ አጠገብ አንድ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ቆመው ግጥም በቃላቸው ያጉረመርሙ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ ዜማ አለው። ይህን ግጥም ያለ ዜማው የሚያስታውስ ሰው መኖሩን እንጃ።

አልፎንሲን ፕሌሲ ግን ከሁሉም ይልቅ አቆመችኝ። በዘመኗ ማሪ ዱፕሌሲ ትባል ነበር፤ በሀብታም ወዳጆቿ የምትኖር፣ በውበቷ የታወቀች ሴት። በ1847 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት 23 ዓመቷ ነበር። ወዳጇ የነበረው አሌክሳንደር ዱማ ልጅየው በሚቀጥለው ዓመት ማርግሪት ብሎ ልቦለድ ጻፈባት፤ ባለ ካሜሊያዋ እመቤት። በ1852 ልቦለዱ ቴአትር ሆነ። በ1853 ደግሞ ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቬርዲ ቫዮሌታ አድርጎ በቬኒስ ላ ትራቪያታ በተባለው ኦፔራው አዘፈናት። በሞተች በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት አዲስ ስም ወጣላት፤ አንዱንም ራሷ አልመረጠችውም። መቃብሯ ላይ አበባ ነበረ። ለአልፎንሲን ይሁን ለቫዮሌታ ያመጣው ሰው ያውቃል። ዱማም በዚሁ መቃብር ነው ያለው።

ከዚያ ቁልቁል በእግር ወደ ሻፕታል መንገድ ወረድኩ። የሮማንቲክ ዘመን ሕይወት ሙዚየም የሚባለው ቤት የሠዓሊው አሪ ሼፈር ነበር። ከ1830 ጀምሮ ኖሮበታል። የጀርመናዊውን ገጣሚ የጎተን ፋውስት የተባለ ድራማ እያነበበ ማርግሬትን ደጋግሞ የሳለ ሰው ነው። ማታ ማታ ፒያኒስቶቹና የሙዚቃ ደራሲዎቹ ሾፓንና ፍራንዝ ሊስት፣ ሠዓሊው ዴላክሯና ደራሲዋ ዦርዥ ሳንድ እዚህ ይመጡ ነበር። አሁን ምድር ቤቱ በሳንድ ዕቃዎች የተሞላ ነው። ከመስታወት ጀርባ ሁለት የጀሶ ቅርጾች አሉ፤ የሳንድ ቀኝ ክንድና የሾፓን ግራ እጅ። የሾፓን እጅ ትንሽ ነው። ያንን ሁሉ ኖታ የዘረጋው ይህ ነው ብሎ ለማመን ይከብዳል። ቀራፂው ኦጉስት ክሌዛንዤ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ ቅዳሜ እመለስበታለሁ።

ከሙዚየሙ እስከ ስኩዌር ዶርሌያን ጥቂት ደቂቃ ነው። የመንገዱ በር ክፍት ነበር፤ ዘው ብዬ ገባሁ። ዛሬ ብዙው ቢሮ ነው። በመካከል ፏፏቴ ያለበት ሰፊ ግቢ፣ ዙሪያውን ነጭ ቤቶች። ከ1842 ጀምሮ ሳንድ ቁጥር 5፣ ሾፓን ቁጥር 9 ይኖሩ ነበር። እራት የሚበሉት ሻርሎት ማርሊያኒ ከተባለች ጎረቤታቸው ዘንድ ነው፤ ወጪውን ይካፈላሉ። ፒያኒስቱ አልካንም በዚሁ ግቢ ኖሯል። ከእነሱ በፊት ደግሞ አሌክሳንደር ዱማ አባትየው ነበር። በ1833 ካርኒቫል እዚህ ታላቅ የጭምብል ድግስ ደገሰ። ግድግዳውን ወዳጆቹ ሠዓሊያን ሳሉለት። ዴላክሯ መጨረሻ ላይ ደርሶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጦር ሜዳ የሚሸሸውን የስፔን ንጉሥ ሮድሪጎን ሥሎ ጨረሰ፤ ታሪኩ የተወሰደው ከጥንት የስፔን ግጥም ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሮሲኒ በድግሱ ላይ ፊጋሮን ለብሶ መጣ። እንግዲህ ደራሲ ደገሰ፣ ሠዓሊ ግጥም ሳለ፣ ሙዚቀኛ የቴአትር ገጸ ባሕርይ ለበሰ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

የጥበቃው ሰውዬ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ መቀመጥ ግን አይቻልም አለኝ። ቆሜ አየሁና ወጣሁ።

ረቡዕ

የቪክቶር ሁጎ ቤት በፕላስ ዴ ቮዥ ማዕዘን ላይ ነው። ከ1832 እስከ 1848 ተከራይቶ ኖሮበታል። በ1903 ሙዚየም ሆነ። መግቢያው ነፃ ነው።

ሁጎን እንደ ደራሲ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ይደናገጣል። ሰውዬው ይሥላል፤ ከ3000 በላይ ሥዕል ትቷል። ቀለም ብቻ አይደለም የሚጠቀመው። ቡናም፣ ጥላሸትም፣ እጁ የገባውን ሁሉ። ጨለማ የዋጣቸው ግንቦች፣ ማዕበል፣ መልኩ የማይለይ ቅርጽ። እንጨትም ይሠራ ነበር። ለፍቅረኛው ለዡልየት ድሩዌ ቤት ራሱ የቀባውና ያስጌጠው የቻይና ስልት ያለው ክፍል ከገርንዚ ደሴት መጥቶ እዚህ ተተክሏል። ደፋር ነው፤ ሁሉ ነገር ይበዛበታል። ልቦለዶቹም እንዲሁ ናቸው፤ እኔ ግን በሥዕሉ ይበልጥ አመንኩት።

ሙዚቃን በተመለከተ የሁጎ ነገር ፍቅርና ክስ ነው። ንጉሡ ይዝናናል የተባለው ቴአትሩ በኖቬምበር 22 ቀን 1832 ለአንድ ምሽት ታይቶ ታገደ። ንጉሥ ፍራንሷ አንደኛን ሴት አሳዳጅ አድርጎ ስላሳየ ነው። ቬርዲ ታሪኩን ወስዶ በ1851 በቬኒስ ሪጎሌቶን ሠራ። እዚያ ደግሞ የኦስትሪያ ሳንሱር ስለነበረ ንጉሡ የማንቱዋ መስፍን ሆነ። ኦፔራው ዓለምን አዳረሰ። ዋናው ቴአትር ግን ፓሪስ ውስጥ እንደታገደ ነበር። እስቲ አስቡት። የራስህ ሥራ ታፍኖ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው በዜማ አድርጎት ጎረቤት አገር ሲጨበጨብለት! ሁጎ ሪጎሌቶ ፓሪስ እንዳይታይ ለማስከልከል ሞከረ፤ በ1857 ተረታ። በኋላ ኦፔራውን ሲሰማ፣ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ እየዘፈኑ እያንዳንዱ የራሱን ስሜት በሚገልጽበት ቦታ ላይ፣ እኔም በቴአትር አራት ሰው ባንድ ጊዜ ላናግር ብችል ኖሮ ብሎ ቀና ይባላል። ቴአትሩ ራሱ መድረክ ላይ የተመለሰው ከታገደ ልክ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1882 ነው።

ሁጎ ወዶና ፈቅዶ የጻፈው የኦፔራ ግጥምም አለ። የኖትርዳም ልቦለዱን ራሱ ቀንሶ ላ ኤስሜራልዳ ብሎ ለሉዊዝ በርቲን ሰጣት። ሙዚቃውን የደረሰችው እሷ ናት። ልምምዱን የመራው ቤርሊዮዝ ነበር። በ1836 ታየ፣ ሰው አልወደደውም። የአንድ ሴት ኦፔራ በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ መውጣቱ ብቻውን በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ስለ በርቲን ሙዚየሙ ውስጥ ጥቂት ብቻ ማየቴ ቅር አሰኘኝ።

ስለ ክስ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ሌላ ታሪክ። በ1847 ኤርኔስት ቡርዤ የተባለ የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ሻንዜሊዜ አጠገብ አንድ የሙዚቃ ካፌ ገብቶ ጠጣ። ሂሳብ ሲመጣለት፣ እናንተ ለዘፈኔ አልከፈላችሁኝም፣ እኔም አልከፍልም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ረታ። በ1851 የደራሲያንና የሙዚቃ ደራሲያን ገንዘብ ሰብሳቢ ማኅበር ተቋቋመ። እስከ ዛሬ ይሠራል። ግጥምና ዜማ በአንድ የሂሳብ ደረሰኝ የተጋቡበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ሳን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን። ከመግቢያው በስተቀኝ ባለችው የመላእክት ጸሎት ቤት ዴላክሯ የሳለው ያዕቆብ ከመልአኩ ጋር ሲታገል አለ። በ1861 ነው ያለቀው። ለዚህ ሥራ ቅርብ ለመሆን ብሎ በ1857 ወደ ፉርስተንበርግ አደባባይ ተዛወረ፤ በ1863 የሞተውም እዚያው ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከኋላው ትንሽ የአትክልት ቦታና የሥዕል ክፍሉ አለ።

እዚህ አንድ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየሁ። የድንግል ማርያም ትምህርት ይባላል። ሐና ልጇን ማርያምን ማንበብ ስታስተምራት ነው። ዴላክሯ በ1842 ሳንድን ሊጠይቅ ገጠር ሄዶ ሳለ ነው የሳለው። የሥዕል ሸራ አልያዘም ነበር። ሳንድ ወገቧን ለምታስርበት ኮርሴት የተገዛ ጨርቅ ነበራት፤ እሱ ላይ ሳለው። ሞዴል የሆኑት የቤቱ ሠራተኛና አንዲት ልጅ ናቸው። የደራሲዋ የውስጥ ልብስ ጨርቅ የእመቤታችን ሥዕል ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዴላክሯ በማስታወሻው ላይ ስለ ሙዚቃ ብዙ ጽፏል። በ1849 ጸደይ ከታመመው ሾፓን ጋር በጋሪ ሲንሸራሸሩ፣ በሙዚቃ ውስጥ ሥርዓት ወይም ሎጂክ ማለት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ሾፓን ስለ ፊዩግ፣ አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች እየተከታተለ ስለሚመላለስበት የሙዚቃ አሠራር፣ አስረዳው። የሚገርመው ግን ሾፓን የዴላክሯን ሥዕል ብዙም አይወደውም ነበር። ወዳጅነት የግድ መግባባት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሉቭር ገብቼ የፈለግሁት የሾፓንን ፊት ብቻ ነው። ዴላክሯ በ1838 ሾፓን ፒያኖ ሲጫወት፣ ሳንድ ከኋላው ሆና ስታዳምጥ በአንድ ሸራ ላይ ጀመራቸው። አልጨረሰውም። ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ሸራውን ቆረጠው። ሁለት ሥዕል ከአንድ ይበልጥ ያወጣላ! ሾፓን ፓሪስ ቀረ፤ ሳንድ ዴንማርክ ኮፐንሃገን አጠገብ ባለው ኦርድሩፕጎርድ ሙዚየም ናት። ፊቱ ወደ ጎን ያያል፤ የሚያየውን ነገር ግን ቆርጠው ወስደውበታል።

ማታ ኦርሴ ሙዚየም፤ ሐሙስ ስለሚያመሽ። ሕዝቡ ቫን ጎግ ጋር ተኮልኩሏል። እኔ ወደ ፋንታን ላቱር ሄድኩ። በ1872 በሳለው የጠረጴዛ ጥግ ላይ ገጣሚያን ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ግራው ጫፍ ላይ ቬርሌንና እኛ ከሐረር የምናውቀው አርተር ራምቦ አሉ። ቀኝ ጫፍ ላይ የአበባ ማሰሮ አለ። አልቤር ሜራ የተባለ ገጣሚ ከእነዚህ ባለጌዎች ጋር አልሳልም ስላለ በአበባ ተተካ። ከዚህ ሥዕል ጀርባ ያለው ግን ይብሳል። ራምቦ በ1871 ፓሪስ ሲመጣ ያረፈው በቬርሌን አማቾች ቤት ነው። አማቲቱ ማዳም ሞቴ ፒያኖ አስተማሪ ነበረች፤ የሾፓን ተማሪ ነበርኩ ትላለች። በዚያው ሰሞን የምታስተምረው አንድ ድሃ ልጅ ነበር። ስሙ ክሎድ ዴቡሲ። ልጁ ካደገ በኋላ የአማቿን የቬርሌንን ግጥሞች ወደ ዘፈን ለወጣቸው። በዚያ ቤት የነበረውን ጩኸትና ጠብ ሳስበው፣ ትምህርቱን እንዴት ተከታተለ እላለሁ።

ዓርብ

የመንገድ ቀን። ከኦስተርሊትዝ ጣቢያ ወደ ሻቶሩ ሁለት ሰዓት ገደማ በባቡር። ከዚያ ወደ ላ ሻትር የሚሄደው አውቶቡስ አልጠበቀኝም፤ ቀጣዩ እስኪመጣ ጣቢያው ላይ የሳንድን ኮንሱዌሎ አነበብኩ። በ1842 እና 1843 በተከታታይ የወጣ፣ ስለ አንዲት ዘፋኝ የሚተርክ ረጅም ልቦለድ ነው። እጅግ ረጅም። ወጣቱ ሃይደን ራሱ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይገባበታል። መታሰቢያነቱ ለዘፋኟ ፖሊን ቪያርዶ ነው፤ ኮንሱዌሎ የተቀዳችው ከእሷ ነው። ፖሊን ለሾፓን ወዳጅ፣ ለሳንድ እንደ ልጅ ነበረች። መካከሉ ላይ የቦሄሚያው ግንብ ምዕራፎች አሰለቹኝ፤ የቬኒሶቹ ግን ሕይወት አላቸው። አውቶቡሱ መጣ። ዝናብ። ላ ሻትር ገብቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ኖአን ማለት መንደር ለማለትም ትንሽ ነው። አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ዛፍ ያለበት አደባባይ፣ ጥቂት ቤቶች፣ ከዚያ የሳንድ ቤት። ቤቱ የሚታየው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው።

ምግብ ቤቱ መጀመሪያ ይመጣል። ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ሳህኖቹ ፊት የእንግዶች ስም ተቀምጧል፤ ደራሲዎቹ ፍሎቤርና ቱርጌኔቭ፣ ዘፋኟ ፖሊን ቪያርዶ። አንዷ ጎብኚ የሾፓን ወንበር የቱ ነው አለች። አስጎብኚያችን፣ ይህንን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ግን የለም አለች። ልክ ናት። ሳንድ ብዙ ጊዜ በሾፓን ታሪክ ውስጥ ሲጋራ የምታጨስ ሴት ተደርጋ ትቀርባለች። ግን ቤቱ የእሷ ነው። ወጪውን የሚችለው ሌሊት ሌሊት የምትጽፈው ነው። ሾፓን ጥሩ ሥራዎቹን የሠራው እሷ ባቆመችለት ጣሪያ ሥር ነው።

ሰባት በጋ እዚህ አሳልፏል፤ 1839ን፣ ከዚያ ከ1841 እስከ 1846 በተከታታይ። በቢ ፍላት ማይነር የደረሰው ሶናታ፣ አራተኛው ባላድ፣ ጀግናዊ የሚባለው ፖሎኔዝ፣ በቢ ማይነር ያለው ሶናታ፤ እነዚህ ሁሉ ወይ ተጀምረው ወይ አልቀው የወጡት ከዚህ ነው። ሳንድ የሕይወት ታሪኬ በሚለው መጽሐፏ ሲደርስ እንዴት እንደነበረ ጽፋለች። ዜማው ሳይታሰብ ይመጣለታል። መከራው ከዚያ ይጀምራል። ክፍሉን ዘግቶ ያለቅሳል፣ ይንጎራደዳል፣ ብዕር ይሰብራል። አንድ ገጽ ላይ ስድስት ሳምንት ቆይቶ መጀመሪያ የጻፈውን መልሶ ይጽፈዋል። ይህን ከእሷ የተሻለ የሚገልጽ ሰው አልነበረም፤ ከግድግዳው ማዶ ሆና የራሷን ገጽ ስትጽፍ ትሰማው ነበርና። የእሷ ገጽ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር። ሙዚቃ ለምን አንድ ገጽ በዚያን ያህል እንደሚፈጅ የገባት አይመስለኝም።

ዴላክሯ በ1842 ከዚህ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሾፓን ጨዋታ በአትክልቱ በኩል በተከፈተው መስኮት ይገባል፣ ከወፎቹ ዝማሬና ከጽጌረዳው ሽታ ጋር ይደባለቃል ይላል። መስኮቱን አየሁት። ዛሬም ጽጌረዳ አለ።

የሾፓን ክፍል ግን የለም። ከተለያዩ በኋላ ሳንድ ለሁለት አስከፈለችው። የቀረው ድምፅ እንዳይወጣ በውስጡ የታጨቀው በር ነው። ጎብኚው ሁሉ እጁን ይሰድበታል። እኔም ነካሁት።

እንዴት ተለያዩ? በ1846 በጋ ሳንድ ሉክሬዚያ ፍሎሪያኒ የተባለ ልቦለድ ጽፋ ማታ ማታ ለቤተሰቡ ታነብ ነበር። በውስጡ ካሮል የተባለ በሽተኛና ቀናተኛ ልዑል አለ። ዴላክሯ እዚያ ነበር። በኋላ ለወዳጁ ሲናገር፣ እኔ ስቃይ ላይ ነበርኩ፣ ሾፓን ግን ሲያደንቅ ነበር ብሏል። ራሱን ያላወቀ መሰለ፤ ወይም አውቆ ዝም አለ። ለእኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። እንደዚያ ያለ ጆሮ ያለው ሰው ስለ ራሱ ሲነበብ አይሰማም?

በሚቀጥለው ዓመት የሳንድ ልጅ ሶላንዥ ቀራፂውን ክሌዛንዤን አገባች። ማክሰኞ ስሙን ያዙልኝ ያልኩት ሰው ነው። በዚሁ ቤት ጠብ ተነሳ፤ ክሌዛንዤ በሳንድ ልጅ በሞሪስ ላይ መዶሻ አነሳ። ሳንድ አማቿንና ሶላንዥን አባረረች። ሾፓን ከሶላንዥ ጋር ወገነ። በዚያው አበቃ። ሾፓን ሲሞት ደግሞ የፊቱን ጭምብል ያነሳው፣ ፔር ላሼዝ ያለውን ሐውልት የቀረፀው ማን ሆነ? ክሌዛንዤ። ሻፕታል መንገድ ያየሁት ትንሽ እጅም የእሱ ሥራ ነው።

ደብዳቤዎቹስ? ሳንድ ለሾፓን የጻፈችውን እህቱ ይዛ ወደ ፖላንድ ስትመለስ ድንበር ላይ ከወዳጆቿ ዘንድ ተወችው። በ1851 በዚያ ያለፈ አንድ ፈረንሳዊ እጅ ገባ። ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ዱማ ልጅየው ነበር፤ የባለ ካሜሊያዋ ደራሲ! አንብቦ ለሳንድ መለሰላት። እሷም አቃጠለችው። የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ያዝናሉ። እኔ ግን አልፈርድባትም፤ የራሷ ደብዳቤ ነው።

ከላይኛው ፎቅ ከወረድን በኋላ ቴአትሩን አየን። በቤቱ ውስጥ እውነተኛ መድረክ አለ፤ አጠገቡ የአሻንጉሊት ቴአትር። አሻንጉሊቶቹን ሞሪስ ከእንጨት ቀረፃቸው፣ ልብሳቸውን ሳንድ ሰፋች። የዚያ ዘመን ትልቅ ደራሲ ለእንጨት አሻንጉሊት ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ይህ ክፍል ከሾፓን በር በላይ ደስ አለኝ፤ ሰዉ ግን ቶሎ አለፈው።

ከሰዓት በኋላ በዙሪያው ባለው ሜዳ በእግር ሄድኩ። ሳንድ የዚህን አካባቢ፣ የቤሪን ገጠር ዘፈኖች ትወድ ነበር፤ ሾፓንና ቪያርዶም የመንደሩን ዜማ በኖታ ይጽፉ ነበር። በ1853 ባወጣችው የገጠር ልቦለዷ ታሪኩ ስለ ኮርንሙዝ ነፊዎች ነው፤ ኮርንሙዝ ከረጢት ያለው የእረኛ ዋሽንት ነው። ሜዳው በሜጀር፣ ማለት ደስታ በሚሰማበት ቅኝት፣ ተራራውና ጫካው በማይነር፣ ሐዘን በሚሰማበት ቅኝት ይዘፍናል የሚል ሐሳብ አላት። ሳይንሱን እንጃ፤ በሜዳው ላይ ስሄድ ግን አመንኳት።

እሁድ

ጠዋት ባቡር፣ ቀትር ፓሪስ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ወደ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የሾፓን ቀብር ጸሎት ኦክቶበር 30 ቀን 1849 የተደረገው እዚህ ነው። የሞዛርት ሬኩዌም፣ የሙታን ጸሎት ሙዚቃው፣ ተዘመረ፤ ከሶሎ ዘፋኞቹ አንዷ ፖሊን ቪያርዶ ነበረች። አስከሬኑን ካጀቡት መካከል ዴላክሯ አለበት። ሳንድ አልመጣችም። በአጠገቡ ቪል ሌቬክ የምትባል መንገድ አለች። ሾፓንና ሳንድ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙት እዚያ ነው፤ በማርች 1848 ከማርሊያኒ ቤት እሱ ሲወጣ እሷ ስትገባ። አያት ሆነሻል አላት፤ ሶላንዥ ወልዳ ነበር። እሷ አልሰማችም ነበርና የነገራት እሱ ነው። ተሰናብቶ ደረጃውን ወረደ።

ከኦበር ጣቢያ ባቡር ይዤ፣ ከላ ዴፋንስ በአውቶቡስ ወደ ቡዢቫል። ከሴን ወንዝ ዳር ያለ ከተማ ነው። ኢምፕሬሽኒስት የሚባሉት ሠዓሊያን ወንዙን ደጋግመው ስለውታል። የካርመን ኦፔራ ደራሲ ዦርዥ ቢዜ የሞተው እዚህ ነው፤ ጁን 3 ቀን 1875፣ በ36 ዓመቱ። ካርመን ከታየች ገና ሦስት ወሯ ነበር፤ አቀባበሉም ቀዝቃዛ ነበር። ታሪኩን ደራሲው ሜሪሜ በ1845 ነው የጻፈው። ሜሪሜ ደግሞ በ1870 ሞቷል። ሁለቱም የካርመንን ዝና አላዩም።

ከዳገቱ ላይ የቱርጌኔቭ ቤት አለ፤ ከእንጨት የተሠራ ጌጥ ያለው ዳቻ፣ ማለት የሩሲያ ዓይነት የገጠር ቤት። ሙዚየም ነው። ከግቢው ወረድ ብሎ የቪያርዶ ቤተሰብ ነጭ ቤት ቆሟል። ቱርጌኔቭ ፖሊንን በ1843 በሴንት ፒተርስበርግ ስትዘፍን ሰማት። ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት ያህል በሄደችበት ሄደ። ባል አላት፤ ከባሏ ጋርም ወዳጅ ሆነ። ጀርመን ውስጥ ባደን ባደን ሲኖሩ እሱ ግጥሙን እየጻፈ እሷ ዜማውን እየደረሰች ትንንሽ ኦፔሬታዎች ሠሩ። በቤት ውስጥ ልጆቿና ተማሪዎቿ ይጫወቱታል። አንዳንዱ ላይ ትልቁ የሩሲያ ደራሲ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ይተውናል። አንዳንድ የአገሩ ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ቆጥረውት ነበር። እኔ የኖአኑ አሻንጉሊት ቀሚስ ትዝ አለኝ።

ፎቅ ላይ የሞተበት ክፍል አለ። በ1883 በሕመም ሲማቅቅ መጻፍ አቃተው። በወጣትነቱ በ1838 የተሳፈረባት መርከብ ስለተቃጠለችበት ጊዜ አንድ ትረካ ነበረው። በፈረንሳይኛ እየተናገረ ፖሊን ጻፈችለት። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት በጎ ፈቃደኛ ይህን ሲነግሩን፣ አንዱ ጎብኚ በሩሲያኛ ለምን አልሆነም ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ፣ በሩሲያኛ ከሆነ እያንዳንዱን ቃል ላሳምር ብሎ እንዳይደክም ፈርቶ ነው አሉ። ሴፕቴምበር 3 ቀን አረፈ።

ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ። ባደን ባደን ከዚህ ሩቅ ነው። የኦፔሬታዎቹ ነገር ግን ስለያዘኝ ቀጣዩ መንገዴ ወደዚያ ነው።